ለውዝ በቅቤ ፈንታ እንጂ በቅቤ ላይ አይደለም

«ነገር ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ምክር ለጠብና ለክርክር ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለሰውነት ጤናም ይሠራል። ሆዱን ያመመው ሰው ይጮኻል፤ ትኩሳት የያዘውም ይተኛል። በደሙ ውስጥ ኮሌስትሮል የበዛበት ሰው ግን እንደ ወትሮው ይሠራል፣ ይስቃል፣ ድግስም ይደግሳል፤ ደሙ ካልተመረመረ በቀር የሚያውቅበት ምልክት የለውም። ይህ ነገር ለብዙ ዓመታት በዝምታ ከሠራ በኋላ፣ ለአንዳንዱ ሰው የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ይሆናል። ያን ጊዜ ቅጠል ቢፈለግ እሳቱ አልፎ ሄዷል።

በዛሬው ዘመን የደሙን ምርመራ ውጤት በወረቀት ይዞ ከሐኪም ቤት የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። ቤቱም እንደ ደረሰ ዘመድና ጎረቤት ምክር ያዋጡለታል፤ አንዱ ነጭ ሽንኩርት፣ ሌላው ሎሚ፣ ሦስተኛውም «ለውዝ ብላበት፤ ያወርድልሃል» ይለዋል። ስለ ለውዝ የሚነገረው ምክር ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ በብዙ ምርመራ የተደገፈ እውነት አለበት። ነገር ግን እውነት በግማሽ ሲነገር ከሐሰት ያላነሰ ጉዳት የሚያመጣበት ጊዜ አለና፣ ክቡራን አንባቢያን፣ ሙሉውን መርምረን ለቤታችን የሚጠቅመውን እንያዝ።

ኮሌስትሮል ምንድር ነው?

ስሙ የግሪክ ነው፤ «ኮሌ» ሐሞት፣ «ስቴሬዎስ» ደግሞ ጽኑ ወይም የረጋ ማለት ነው። ይህን ስያሜ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያወጣለት ሚሼል ሼቭረል የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ ሲሆን፣ ስሙ ሐሞትን ያነሣበት ምክንያትም ይህ ሰም የመሰለ ነገር አስቀድሞ የታወቀው ከሐሞት ጠጠር በመገኘቱ ነው።

ኮሌስትሮል በራሱ ጠላት አይደለም። ሰውነታችን የተሠራባቸው ሕዋሳት ሁሉ ለግድግዳቸው ይፈልጉታል፤ ምግብ የሚያልምልን ሐሞትም ከእርሱ ይሠራል። ስለዚህ ጉበታችን ራሱ ዕለት ዕለት ያዘጋጀዋል። ችግሩ ያለው ከመጠን ማለፉ ላይ ነው።

ቅባት ከውሃ ጋር እንደማይዋሐድ ሁሉ፣ ኮሌስትሮልም ብቻውን በደም ውስጥ ሊጓዝ አይችልም፤ የሚሸከመው ያስፈልገዋል። በሐኪም ወረቀት ላይ ኤል.ዲ.ኤል. ተብሎ የሚጻፈው ወደ ሰውነት ክፍሎች የሚወስደው ተሸካሚ ነው፤ ኤች.ዲ.ኤል. የሚባለው ደግሞ የተረፈውን ወደ ጉበት የሚመልሰው ነው። ኤል.ዲ.ኤል. በበዛ ጊዜ ጭነቱ ከልብ ደም በሚወስዱት ሥሮች፣ ማለት በደም ቅዳዎች ግድግዳ ውስጥ እየገባ ይከማቻል። ክምችቱም ከጊዜ በኋላ የደሙን መንገድ ያጠባል፤ አንድ ቀንም ሲሰነጠቅ በላዩ ደም ይረጋና መንገዱን ይዘጋዋል። መዘጋቱ በልብ ሥር ሲሆን የልብ ጡንቻ ይሞታል፤ በአንጎል ሥር ሲሆን ስትሮክ ይሆናል።

ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሐኪሞች በ1985 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት የዚህን ነገር ምሥጢር ስለ ገለጡ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በጉበት ሕዋሳት ላይ ኤል.ዲ.ኤል.ን ከደም እየያዙ ወደ ውስጥ የሚያስገቡ ተቀባዮች እንዳሉ አስረድተዋል። በኋላም እንደ ታወቀው፣ እንደ ቅቤና እንደ ጮማ ያለውን በብርድ የሚረጋ ቅባት አብዝተን ስንበላ የእነዚህ ተቀባዮች ሥራ ይዳከማል፤ ኤል.ዲ.ኤል.ም በደም ውስጥ ይከማቻል። ቅባታችን በአብዛኛው የማይረጋው ዓይነት ሲሆን ግን ተቀባዮቹ ሥራቸውን በሚገባ ይሠራሉ። የለውዝ ነገር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

ለውዝ ስንል ምን ማለታችን ነው?

በቅዱስ መጽሐፍ የአሮን በትር አብባ ያፈራችው ለውዝ፣ ያዕቆብም ወደ ግብፅ ከላከው እጅ መንሻ መካከል የነበረው ለውዝ፣ ዛሬ በትልልቅ መደብሮች አልሞንድ እየተባለ የሚሸጠው የዛፍ ፍሬ ነው። በገበያችን ለውዝ ወይም ኦቾሎኒ የምንለው ግን ሌላ ነው፤ እርሱ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ የባቄላና የአተር ዘመድ የሆነ፣ ፍሬውን ከመሬት በታች የሚይዝ ተክል ነው። በአገራችን በምሥራቅ ሐረርጌ፣ በተለይም በባቢሌ አካባቢ፣ በስፋት ይመረታል።

ሁለቱ በዘር የማይገናኙ ይሁኑ እንጂ በምግብነታቸው ይቀራረባሉ። አልሞንድም ሆነ ኦቾሎኒ፣ ዋልነትም ሆነ ፒስታሽዮ፣ ግማሹን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ቅባት ነው፤ የቅባቱም አብዛኛው ክፍል የማይረጋው ዓይነት ነው። በዚህ ላይ ገንቢ ምግብና አሠር አላቸው። እንደ ዕፀዋት ፍሬዎች ሁሉ ኮሌስትሮል የለባቸውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ለውዝ ስንል ሁሉንም በአንድ ስም መጥራታችን ነው።

ምርመራው ምን አሳየ?

በ1992 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት የሚገኘው የሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከ31,000 በላይ የአድቬንቲስት ምእመናንን ለዓመታት ተከታትለው ያገኙትን አስታወቁ። በሳምንት ከ4 ጊዜ በላይ ለውዝ የሚበሉት ሰዎች በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ከማይበሉት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዛቸው ነገር በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። ነገር ግን አስተዋይ ሰው «ለውዝ የሚበላው ሰው ምናልባት በሌላውም ነገር ጠንቃቃ ይሆናል፤ ጥቅሙ የለውዙ መሆኑ በምን ታወቀ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄውም የተገባ ነው።

የዚያው ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ለዚህ በ1993 መልስ ሰጡ። 18 ጤነኛ ወንዶችን መርጠው ሁለት ዓይነት ምግብ በየተራ፣ ለእያንዳንዱ 4 ሳምንት ያህል አበሏቸው። ሁለቱም ምግቦች ኮሌስትሮልን ለመቀነስ የታሰቡ ነበሩ፤ ልዩነቱ በአንደኛው ውስጥ ከዕለቱ የምግብ ኀይል 20 ከመቶው ከዋልነት እንዲመጣ መደረጉ ነው። ውጤቱም ዋልነት ባለበት ጊዜ የሰዎቹ ኤል.ዲ.ኤል. ከሌላው ጊዜ ይልቅ 16 ከመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። እዚህ ላይ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ልብ በል፤ ዋልነቱ በምግቡ ላይ የተጨመረ አልነበረም። ሥጋ፣ ቅቤና ሌላ ቅባት በልኩ ተቀንሶለት በእነርሱ ፈንታ የገባ ነበር። የሰዎቹም የምግብ ኀይል በሁለቱ ጊዜያት እኩል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምርመራው በብዙ አገሮች ተደግሟል። በ2010 በ7 አገሮች የተደረጉ 25 ሙከራዎች በአንድነት ሲታዩ፣ ሰዎቹ በቀን በአማካይ 67 ግራም ለውዝ በልተው ኤል.ዲ.ኤል. 7 ከመቶ ያህል ቀንሶላቸዋል፤ መጀመሪያውኑ ኤል.ዲ.ኤል. ከፍ ያለባቸው ሰዎችም የበለጠ ተጠቅመዋል።

በስፔን አገር ደግሞ 7,447 ሰዎች የተካፈሉበት ትልቅ ሙከራ በ2013 ታትሟል። ከሰዎቹ አንደኛው ክፍል አትክልት፣ ጥራጥሬና ዓሣ የሚበዛበትን የሜዲትራኒያን ባሕር አገሮች ምግብ ከ30 ግራም ለውዝ ጋር በየቀኑ እንዲበላ ተመክሮ ነበር። በዚህም ክፍል ከልብና ከደም ሥር የሚመጡ ከባድ አደጋዎች ከሌላው ክፍል ይልቅ በሩብ ያህል ወይም ከዚያ በጥቂት በለጥ ብለው ቀንሰው ተገኙ። በሰዎቹ አመዳደብ ላይ ስሕተት ስለ ተገኘ ጽሑፉ ተነሥቶ በ2018 ታርሞ እንደገና ታተመ፤ ውጤቱም ከፊተኛው ጋር የተቀራረበ ሆነ።

«ይህ ሁሉ የባለጸጋ ምግብ ነው፤ ዋልነትና አልሞንድ በኪሎ የሚጠራበትን ዋጋ ማን ይችላል?» የሚል ቢኖር ይህን ይስማ። በ2015 የታተመ ሌላ ምርመራ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በዝቅተኛ ገቢ የሚኖሩ ጥቁሮችንና ነጮችን፣ እንዲሁም በቻይና የሻንግሃይ ከተማ ነዋሪዎችን፣ በጠቅላላው ከ200,000 በላይ ሰዎችን ተከታትሏል። እነዚህ ሰዎች በብዛት የሚበሉት ርካሹን ኦቾሎኒ ነበር። በእነርሱም ዘንድ አዘውትረው የበሉት በልብና በደም ሥር ሕመም የመሞታቸው መጠን አንሶ ታይቷል። እንዲህ ያለው ክትትል ብቻውን ምክንያቱን አያረጋግጥም፤ ከላይ ከተነገሩት ሙከራዎች ጋር ሲደመር ግን፣ ከመንገድ ዳር ቆሎ ሻጭ በጥቂት ዋጋ የሚገዛው ኦቾሎኒ በሩቅ አገር ፍሬ የሚናቅ እንዳልሆነ ያሳያል።

በሆድ ውስጥ ምን ይሠራል?

ለውዝ ኮሌስትሮልን የሚቀንስበት መንገድ ሦስት ነው። 1ኛ፣ በሚረጋው ቅባት ፈንታ የማይረጋውን ስለሚሰጥ የጉበት ተቀባዮች ኤል.ዲ.ኤል.ን ከደም እንዲያነሡ ይረዳል። 2ኛ፣ በዕፀዋት ውስጥ የሚገኝ መልኩ ኮሌስትሮልን የሚመስል ነገር አለው፤ ይህም በአንጀት ውስጥ ከኮሌስትሮል ጋር እየተሻማ ወደ ደም የሚገባውን ያሳንሳል። 3ኛ፣ አሠሩ ከሐሞት ጥቂቱን ይዞ ከሰውነት ያስወጣል፤ ጉበትም የጎደለውን ሐሞት ለመተካት ከደም ኮሌስትሮል ይወስዳል።

መጠኑና አመጋገቡ

ለአንድ ሰው በቀን 30 ግራም ይበቃል። ይህም በአንድ እጅ የሚጨበጥ አንድ ጭብጥ ያህል ነው፤ ሁለት እጅ ገጥመው የሚዘግኑት እፍኝ አይደለም። ማር ሲበዛ ይመራል እንደሚባለው ለውዝም መጠን አለው።

አሁን ወደ ጓዳችን እንግባና ሒሳቡን እናስላ። 30 ግራም ኦቾሎኒ የሚሰጠው ኀይል ከአንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ኀይል ጋር ይተካከላል ማለት ይቻላል። የሚረጋው ቅባት ግን በቅቤው ውስጥ 12 ግራም ያህል ሲሆን በኦቾሎኒው ውስጥ 2 ግራም ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ የቤቱ አባወራ ማታ በወጡ ላይ የሚፈስለትን ቅቤ በዚህ ልክ አስቀንሶ በቀን አንድ ጭብጥ ኦቾሎኒ ቢበላ፣ ሳይራብ ከሚረጋው ቅባት 10 ግራም ያህል ከሰውነቱ አራቀ ማለት ነው። ቅቤውን እንዳለ በልቶ፣ ክትፎውንም ጨርሶ፣ ከእራት በኋላ ለውዝ ቢቆረጥም ግን በድግስ ላይ ድግስ ጨመረ እንጂ የተቀነሰለት ነገር የለም። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

የሚመረጠውም ጨው ያልበዛበት፣ በስኳር ያልተለበጠ፣ በዘይት ያልተጠበሰ፣ በምጣድ የተቆላ ወይም የተቀቀለ ለውዝ ነው። ከገብስ ቆሎ ጋር ማደባለቅ ጥሩ ልማድ ነው፤ ቁርስ ላይ በቂቤ የታሸ ፍትፍት በሚቀርብበት ቤትም በአንዳንዱ ቀን የተፈጨ ለውዝ በዳቦ ቀብቶ መብላት ይቻላል። የታሸገ የለውዝ ቅቤ የሚገዛ ሰው ግን ስኳርና የሚረጋ ዘይት እንዳልተጨመረበት ጽሑፉን ያንብብ።

በጾምና በፍስክ

በጾም ወራት ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል የሚርቅ ቤተ ሰብ በምግቡ ውስጥ ኮሌስትሮል አይገባም ማለት ይቻላል። ጾም የሚጾመው ስለ ነፍስ ነው፤ የሥጋ ጥቅሙ ተከትሎ የሚመጣ ነው። ሆኖም የጾም ምግብ ሁሉ ለልብ የተስማማ እንዳይመስለን። በገበያ በብዛት የሚገኘው፣ በብርድ ጊዜ የሚረጋው የፓልም ዘይት ከዕፅ የተገኘ ቢሆንም ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ቅባት ነው። የኑግ፣ የሰሊጥና የሱፍ ዘይት ግን በአብዛኛው የማይረጋ ነው። በጾም ቀን ብዙ የፓልም ዘይት የፈሰሰበት ወጥ ከሚበዛ፣ ዘይቱን አሳንሶ ከጾሙ ሰዓት በኋላ ጥቂት ለውዝ ወይም ተልባ መጨመር ይሻላል። ለውዝ ገንቢ ምግብ ስላለውም ሥጋና ወተት የቀረበትን ሰው ይደግፋል።

ከጾሙ ይልቅ የሚያሠጋው ከፋሲካና ከገና በኋላ ያለው ሳምንት ነው። ለሃምሳ ቀን ያህል ያረፈ ሰውነት በአንድ ሳምንት ውስጥ ቅቤና ጮማ ይጫንበታል። በጾም የተለመደውን የለውዝና የጥራጥሬ ምግብ በፍስክም ከገበታ አለማጥፋት፣ ቅቤንም ለጣዕም ያህል ማድረግ የአስተዋይ ቤት ሥርዐት ነው።

ሊጠነቀቁት የሚገባ

የመጀመሪያው ጥንቃቄ ሻጋታ ነው። ለውዝ እርጥበት ባለበት ሲቀመጥ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ይይዘዋል። ይህ መርዝ የታወቀው በ1960 በእንግሊዝ አገር የሻገተ የኦቾሎኒ መኖ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎችን ከፈጀ በኋላ ነው። በሰውም ላይ ውሎ አድሮ የጉበት ካንሰር ያመጣል። መቁላት መርዙን ፈጽሞ አያጠፋውም። ስለዚህ የጨማደደ፣ የጠቆረ፣ የሻገተ፣ ሲቀምሱት የሚመር ፍሬ ተለቅሞ ይጣል፤ «ለላም ይሁን» ተብሎም አይሰጥ፤ መርዙ በወተት ተመልሶ ወደ ልጆቻችን ይመጣልና። በጥቂት በጥቂቱ መግዛትና በደረቅ ቦታ፣ በተከደነ ዕቃ ማስቀመጥ ይገባል።

ሁለተኛው ስለ ሕፃናት ነው። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ያልተፈጨ ለውዝ አይሰጥ፤ ትንፋሹን ሊዘጋበት ይችላል። ለውዝ በበላ ጊዜ ሰውነቱ የሚያብጥ፣ የሚያሳክከው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ፈጽሞ ይተወው፤ ወደ ሐኪምም ይሂድ። የኩላሊት ሕመምተኛም ከሐኪሙ ሳይማከር አይጀምር።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ሐኪም የኮሌስትሮል መድኀኒት ያዘዘለት ሰው «ለውዝ ጀምሬአለሁ» ብሎ መድኀኒቱን እንዳይተው። ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ የአንድ ሰው ኤል.ዲ.ኤል. 160 ቢሆንና ለውዝ 7 ከመቶ ቢቀንስለት 149 ያህል ይሆናል። ስታቲን የሚባሉት መድኀኒቶች ግን ከ30 እስከ 50 ከመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳሉ። በተለይም ከወላጅ በመወረስ የጉበታቸው ተቀባዮች የጎደሉባቸው ሰዎች አሉ፤ እነዚህ ምንም ያህል ቢጠነቀቁ በምግብ ብቻ አይድኑም። አባቱ ወይም እናቱ በጎልማሳነት ዕድሜ በድንገተኛ የልብ ሕመም የሞቱበት ሰው ሳያመው አስቀድሞ ደሙን ያስመርምር፤ ልጆቹንም ያስመርምር። ሲጋራን መተው፣ በእግር መሄድና የደም ግፊትን መከታተልም በለውዝ የሚተኩ አይደሉም።

እንግዲህ ለውዝ ረዳት ነው እንጂ ሐኪም አይደለም። ረዳትም ሥራው የሚታየው ቦታ ሲለቀቅለት ነው። ወጥ የምትሠራው እናት ቅቤውን ከድስት ስታሳንስ፣ ገበያ የሚወጣው አባት ከሚረጋው ዘይት የማይረጋውን ሲመርጥ፣ ልጆችም ከስኳር ከረሜላ ፈንታ የተለቀመና ንጹሕ የተቆላ ለውዝ ሲለምዱ፣ ያን ጊዜ አንዱ ጭብጥ ዋጋ ያገኛል። ይህን ለመጀመር የሐኪም ቤት ወረቀት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ለነገው ወጥ ዛሬ ማታ የሚለካው ቅቤ ይበቃል።